የኤምጂቢ ፍሬንና ኦቨርድራይቭ፦ መጀመሪያ ማደስ፣ ከዚያ ማሻሻል

የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና የገዛ ሰው ገና መኪናውን ሳይለምደው አንድ ጥያቄ ያነሳል። "ፍሬኑ ደካማ ነው፣ ትልቅ ካሊፐር ልግጠምለት?" ካሊፐር ዲስኩን በፍሬን ሸራ ጨምቆ የሚይዘው ክፍል ነው። መልሴ አትቸኩሉ ነው። ምሳሌ የማደርገው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ኤምጂቢ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊት ለፊት 273 ሚሊ ሜትር ዲስክ፣ ከኋላ 254 ሚሊ ሜትር ታምቡር ነበረው። አንድ ቶን ገደማ ለሚመዝንና 95 የፈረስ ጉልበት ላለው መኪና ይህ በቂ ነው። የደከመው ንድፉ አይደለም። የደከመው ያረጀው ጎሚኒ፣ የዛገው ፒስቶንና ውሃ የጠጣው የፍሬን ዘይት ነው።

ኦቨርድራይቩም፣ ማለትም ከካምቢዮው ኋላ ተገጥሞ በፍጥነት ሲነዳ የሞተሩን ዙር የሚቀንሰው ክፍል፣ እንደዚያው ነው። "ሞቷል" ተብሎ ካምቢዮ የሚወርድለት ኦቨርድራይቭ ብዙ ጊዜ ችግሩ የተቆረጠ ሽቦ ወይም የጎደለ ዘይት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል። መጀመሪያ ያለውን ወደነበረበት መመለስ፣ ከዚያ ካስፈለገ ማሻሻል።

ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ አቢንግደን ከተማ ተሠርቷል። ጂቲ የሚባለውን ባለ ጣሪያ ዓይነት ጨምሮ ቁጥሩ ከ500,000 በላይ ነው። አብዛኛው ወደ አሜሪካ ስለተላከ፣ እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች ዛሬም መኪናውንም ዕቃውንም በቀላሉ ታገኛላችሁ። እንደ ትራያምፍ ቲአርና ኦስቲን ሂሊ ያለ ሌላ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ቁጥሮቹን ከራሱ መኪና የጥገና መጽሐፍ ወስዶ አሠራሩን መከተል ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ደግፉ። በክሪክ አንሱና ካቫሌቶ ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅ እንኳ አይገባም።

የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በደረቅ ብሩሽም አትጥረጉት። ጭምብል አድርጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉ፣ ጨርቁን በፕላስቲክ አስራችሁ ጣሉ። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይልጣል። የፍሬን ፖምፓው (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው) አጠገብ ስትሠሩ የቦኔቱን ዙሪያ ሸፍኑ። ጠብ ካለ በጨርቅ ከማሸት ይልቅ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡት።

ቀጥሎ ያለውን ደግማችሁ አንብቡት። የእነዚህ መኪኖች የፍሬን ቧንቧ ጥርስ የኢንች ነው፣ 3/8 ዩኤንኤፍ። የዘመናዊ መኪና ባለ 10 ሚሊ ሜትር ዳዶ በዓይን ሲታይ ከእሱ ጋር አንድ ነው የሚመስለው። ጥቂት ዙርም ይገባል። ከዚያ ይነክሳል፣ ጥርሱንም ይበላዋል። ያገለገለ ቧንቧና ዳዶ ከሌላ መኪና ፈታችሁ እዚህ አትግጠሙ።

ፔዳሉ ምን ይላል?

ምንም ሳትፈቱ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ርገጡ። ብዙው ምርመራ እዚህ ያልቃል።

መጀመሪያ ስትረግጡት ወደ ታች ወርዶ፣ ደጋግማችሁ ስትረግጡት ከፍ የሚል ከሆነ የኋላው የታምቡር ሸራ ርቋል። ማስተካከል ብቻ ነው የሚፈልገው። "የፍሬን ፖምፓ ተበላሽቷል" ተብሎ ገንዘብ የሚወጣበት ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነና የትም የሚፈስ ነገር ካላያችሁ፣ ያኔ በእርግጥ የፖምፓው ጎሚኒ አልቋል።

መኪናው ስትይዙት ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ አንዱ ካሊፐር ነክሷል፣ ወይም አንዱ ሸራ ዘይት ነክቶታል። ፍሬኑ ከያዘ በኋላ አልለቅ ካለ ደግሞ የጎማ ቧንቧውን ጠርጥሩት። ያረጀ የጎማ ቧንቧ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል። በእግር ግፊት ዘይቱን ያሳልፋል፣ ለመመለስ ግን አይፈቅድም። ለማረጋገጥ ፍሬኑ እንደያዘ የዚያን ካሊፐር የአየር ማውጫ ብሎን በትንሹ ፍቱት። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተፈታ ግፊቱ ታስሮ የቀረው ካሊፐሩ ጋ ነው። ካሊፐሩ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የቧንቧው ነው።

የፊት ዲስክ

ጎማውን አውልቁና የሸራውን ውፍረት እዩ። ፋብሪካው ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እቀይራለሁ፣ ምክንያቱም ቀጭን ሸራ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ዘይቱ ያስተላልፋል።

ሸራውን ለማውጣት ፒኖቹን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ መያዣ ሞላውን አንሱ፣ ሸራውን በፒንሳ አውጡ። አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስቶኖቹን ወደ ውስጥ መግፋት ይኖርባችኋል። ስትገፉ ዘይቱ ወደ ፖምፓው ተመልሶ ሊፈስ ስለሚችል፣ የአየር ማውጫውን በላስቲክ ቱቦ ወደ ጠርሙስ ከፍታችሁ አሮጌውን ዘይት በዚያው አስወጡት።

ፒስቶኑ በእጅ ኃይል የማይገባ ከሆነ በመዶሻ አትታገሉት። ዝገት በልቶታል ማለት ነው። ካሊፐሩን አውርዱ፣ ፒስቶኖቹን አውጡ፣ ገጽታቸውን በጣት ዳሱ። ጉድጓድ ካለው አይመለስም። ዝገት የማይነካው የስቴንለስ ፒስቶን ስለሚሸጥ እሱን ከአዲስ ጎሚኒ ጋር ግጠሙ። የካሊፐሩን ሁለት ግማሾች ያያያዙትን ብሎኖች ግን አትፍቱ። በመካከላቸው የዘይት መተላለፊያ አለ፣ ለጥገናውም መፈታት አያስፈልግም።

ዲስኩ ጥልቅ ጭረት ካለው ወይም ፔዳሉ ስትይዙት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መቀየር አለበት። እዚህ ብዙ ሰው ይደነግጣል። በኤምጂቢ ዲስኩ ከሃቡ (ጎማው ከሚታሰርበት መሃል) በስተኋላ በብሎን ታስሯል። ዲስክ ለመቀየር ሃቡ መውጣት አለበት፣ ሃቡ ሲወጣ ደግሞ ኩሽኔታው ይነካል። በኩሽኔታዎቹ መካከል ያለው ማራራቂያና ሺም የሚባሉት ስስ ቀለበቶች ተቆጥረው በቦታቸው መመለስ አለባቸው። ሃቡ ተጠብቆ ሲያልቅ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚኖረው ጨዋታ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በእጅ ስሜት መገመት አይቻልም፣ የዳያል መለኪያ ያስፈልጋል። ማራራቂያውን "ያለሱም ይሠራል" ብሎ የሚያወጣ ሜካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የኋላ ታምቡር

ማስተካከያው ከታምቡሩ በስተኋላ፣ በሳህኑ ላይ የሚታይ አራት ማዕዘን ራስ ያለው ብሎን ነው። በተራ መፍቻ ከያዛችሁት ጠርዙ ይላጣል። ለእሱ የተሠራ ትንሽ መፍቻ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ግዙት።

የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ማስተካከያውን ጎማው አልዞር እስኪል አጥብቁት። አሁን ፔዳሉን አንዴ በደንብ ርገጡት፣ ሸራዎቹ መሃል ይገባሉ። ከዚያ ጎማው በነፃነት እስኪዞር ድረስ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ አላሉት። ትንሽ የመፈተግ ድምፅ አያስጨንቅም። የእጅ ፍሬኑን ገመድ የምትነኩት ይህ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። በገመድ የተሸፈነ የታምቡር ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ታምቡሩን ስታወልቁ ሸራው ጥቁርና ወዛማ ከሆነ ማጠብ ዋጋ የለውም። ዘይት የጠጣ ሸራ ይጣላል። ግን አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት የዘይቱን ምንጭ ለዩ። ፈሳሹ ቀጭን ከሆነና ቀለም የሚልጥ ከሆነ ከዊል ሲሊንደሩ ነው። ወፍራምና የሚሸት ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው፣ የአክሱሉ ዘይት ማገጃ (ሲል) አልቋል። ያኔ የአክሱሉን መተንፈሻም እዩ። በጭቃ ከተደፈነ ግፊቱ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል፣ አዲስ ሲልም አይቆይም።

ዊል ሲሊንደሩን ከሳህኑ ጋር የሚይዘው የኢ ቅርጽ ያለው ክሊፕ ነው። ማውጣቱ ቀላል ነው፣ መመለሱ ግን ያናድዳል። ሲሊንደሩን ከፊት በኩል አንድ ሰው አጥብቆ ይያዝላችሁ። እናንተ ከኋላ ክሊፑን ሁለት ጫፎቹን አስገብታችሁ፣ በሰፊ ቡሽ ወይም ተስማሚ ሶኬት በእኩል ግፉት።

ዘይትና አየር

ዶት 4 የፍሬን ዘይት ለእነዚህ መኪኖች ጥሩ ምርጫ ነው። አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም። ነገር ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ሲጠጣም የመፍያ ልኩ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ በድንገት ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። በየ2 ዓመቱ ቀይሩት። መኪናው ጋራዥ ቆሞ ቢከርምም ቀይሩት።

ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ዘይት ቀለም አይልጥም፣ ውሃም አይጠጣም። ለዚህ ብለው የሚወዱት አሉ። ግን ከዶት 4 ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ልትገቡበት ከሆነ ጎሚኒውን ሁሉ ቀይራችሁ፣ ቧንቧውን አድርቃችሁ ግቡበት። እኔ ዶት 4ን እመርጣለሁ። ስሙ ቢመሳሰልም ዶት 5.1 ሲሊኮን አይደለም።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው፣ ግልጽ የላስቲክ ቱቦና ጠርሙስ ይበቃል።

1. የፖምፓውን ዕቃ ሙሉ፣ ሥራው እስኪያልቅም ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ተጠንቀቁ። ባዶ ከሆነ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።
2. ከፖምፓው በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ። ቱቦውን አየር ማውጫው ላይ ሰክታችሁ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ካለ ዘይት ውስጥ ንከሩ።
3. ረዳታችሁ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይርገጥ። እናንተ ብሎኑን ክፈቱ። ፔዳሉ መጨረሻ ሳይደርስ ዝጉ። ከዚያ ይልቀቀው።
4. አረፋ እስኪጠፋና ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ድገሙት።

በአሮጌ ፖምፓ ፔዳሉን እስከ ወለሉ አታስረግጡ። ጎሚኒው ሄዶበት የማያውቀው ዛገታማ ክፍል ላይ ይቆረጣል፣ ማታ ደህና የነበረ ፖምፓ ጠዋት ይሰምጣል።

አሁን ማሻሻል ይቻላል

የመጀመሪያው ማሻሻያ የጎማ ቧንቧዎቹን መቀየር ነው። ሦስት ናቸው፣ ሁለት ፊት አንድ ኋላ። በስቴንለስ ሽቦ የተጠለፈው ዓይነት አያብጥም፣ ፔዳሉንም ጠንከር ያደርጋል። የብረት ቧንቧዎቹን ደግሞ በመዳብና ኒኬል ቅይጥ ቧንቧ ተኩ። አይዝግም፣ በእጅም ይታጠፋል። የቧንቧው ጫፍ አሰፋፍ ከመቀመጫው ጋር መመሳሰል አለበት፣ አለዚያ ያፈሳል።

ሁለተኛው የሸራው ዓይነት ነው። ለመንገድ የተሠራ፣ ሲቀዘቅዝም የሚይዝ ሸራ ግዙ። የውድድር ሸራ ካልሞቀ አይነክስም፣ ለገበያ መንገድ አደገኛ ነው። አዲስ ሸራ ከገጠማችሁ በኋላ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 20 ደጋግማችሁ በመካከለኛ ኃይል ፍሬን ይዛችሁ ፍጥነት ቀንሱ። ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። በየመሃሉ አየር እንዲያገኝ ንዱት።

ሰርቮ ብዙ ጊዜ በስህተት ይጠየቃል። ሰርቮ እግራችሁን ያግዛል እንጂ መኪናውን በአጭር ርቀት አያቆመውም። ፔዳሉ ከብዷችሁ ከሆነ ግጠሙት። ፍሬኑ ስለማይዝ ከሆነ ግን ሰርቮው ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

እኔ ገንዘብ ቢኖረኝ ከሰርቮ በፊት የማደርገው ሁለት መስመር ያለው ፖምፓ ነው። የቀደሙት ኤምጂቢዎች አንድ መስመር ብቻ ነው ያላቸው። አንድ ቧንቧ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ሁለት መስመር አላቸው። የፔዳል ሳጥኑም ስለሚለይ ለውጡ ሥራ አለው፣ ግን ሕይወት የሚያድነው ይህ ነው።

ትልቅ ካሊፐር የሚያስፈልገው ሞተሩ ሲያድግ ወይም መኪናው ትራክ ላይ ሲወጣ ነው። ፋብሪካው ራሱ ለኤምጂቢ ጂቲ ቪ8 ወፍራም ዲስክና ትልቅ ካሊፐር ሰጥቶታል። ባለ 4 ፒስቶን የአሉሚኒየም ካሊፐርም ይሸጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ቸርኬው ውስጥ መግባቱን ለኩ፣ በተለይ የሽቦ ቸርኬ ካላችሁ። የፊቱን ብቻ በጣም ማጠንከር ደግሞ የኋላው ድርሻ ሳይሠራ የፊት ጎማዎች እንዲቆለፉ ያደርጋል።

ኦቨርድራይቩ እንዴት ይሠራል

ከካምቢዮው በስተኋላ የተገጠመች ትንሽ ሁለተኛ ካምቢዮ ናት። የሠራት የሼፊልዱ ላይኮክ ነው፣ ሐሳቡ የኤድጋር ደ ኖርማንቪል ነው። መሃል አንድ ጥርስ፣ ዙሪያውን የሚሽከረከሩ ትናንሽ ጥርሶች፣ ከውጭ ሁሉንም የከበበ ቀለበት አለ። ሲጠፋ ጠንካራ ሞላዎች ኮን ቅርጽ ያለውን ፍሪሲዮን ከቀለበቱ ጋር ያጣብቁታል፣ ሁሉም አብሮ ይዞራል። ሲበራ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማንቀሳቀሻ፣ ሶሌኖይዱ፣ ቫልቩን ያንቀሳቅሳል፣ የዘይት ግፊት ኮኑን ከማይንቀሳቀሰው ቤት ጋር ያጋፍጠዋል። የመሃሉ ጥርስ ይቆማል፣ መውጫው ከመግቢያው በላይ ይፈጥናል።

በቁጥር እንየው። ኤምጂቢ በ4ኛ ማርሽ በ110 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ ወደ 3,800 ዙር ይዞራል። ኦቨርድራይቩ ሲገባ ወደ 3,100 ይወርዳል። ባለ ሦስት ሲንክሮ ካምቢዮ ያላቸው እስከ 1967 ዲ የሚባለውን፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ኤልኤች የሚባለውን ይዘዋል።

አልገባ ሲል

መጀመሪያ ዘይቱን እዩ፣ ምክንያቱም ካምቢዮውና ኦቨርድራይቩ አንድ ዘይት ይጋራሉ። ለኤምጂቢ ትክክለኛው 20-50 የሞተር ዘይት ነው። የካምቢዮ ዘይት የሚፈልጉት እንደ ትራያምፍ ቲአር ያሉት ናቸው። የትኛውም ቢሆን መንሸራተትን የሚጨምር ተጨማሪ ኬሚካል አታድርጉበት። ኮኑ መያዝ ነው ሥራው፣ ካንሸራተተ አለቀ።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ክፈቱ፣ 4ኛ ማርሽ አስገቡ፣ የኦቨርድራይቩን ማብሪያ ጫኑ። ከታች ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሶሌኖይዱ ሕያው ነው። ካልሰማችሁ በቴስተር ተከተሉ፦ ማብሪያው ጋ መብራት አለ? ካምቢዮው ላይ ያለው ማብሪያ ጋ ይደርሳል? ከእሱ ይወጣል? ሶሌኖይዱ ጋ ይደርሳል? የመሬት ሽቦው ግንኙነትስ ንጹሕ ነው? ካምቢዮው በላስቲክ ላይ ስለሚወዛወዝ እዚያ ያሉት ሽቦዎች ናቸው በብዛት የሚቆረጡት። የማርሹን ዱላ በእጅ ወዝወዝ ስታደርጉት ድምፁ የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ የካምቢዮው ማብሪያ ሥር ያለውን ዋሸር በመቀነስ ወይም በመጨመር አስተካክሉ።

ይህን ማብሪያ በቀጥታ ሽቦ አትለፉት። ያ ማብሪያ የተገጠመው ኦቨርድራይቩ በዝቅተኛና በኋላ ማርሽ እንዳይገባ ነው። ኦቨርድራይቩ እንደያዘ ወደ ኋላ መንዳት በውስጡ ያለውን ባለ አንድ አቅጣጫ ሮለር ይሰብረዋል። በዚሁ ምክንያት፣ ኦቨርድራይቩ አጥፍታችሁት አልወጣ ካለ መኪናውን ወደ ኋላ ፈጽሞ አትንዱ። ቁሙ፣ ከታች ገብታችሁ ከቤቱ መሃል ያለውን የፍሬን ቀለበት በመዳብ ወይም በቆዳ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ምቱት። ኮኑ ተጣብቆ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይለቃል።

ቀጭ ብሎ ግን ካልያዘ፣ ወይም ዘግይቶ ከያዘ፣ የዘይት ግፊት ጎድሏል። ዘይቱን አፍስሱ፣ ከታች ያለውን ክዳን ፍቱ፣ ወንፊት ማጥለያውን በቤንዚን እጠቡ። ጥቁር የሸራ ብናኝ የተለመደ ነው። የነሐስ ወይም የብረት ስባሪ ካገኛችሁ ግን እዚህ አቁሙ፣ ካምቢዮው መውረድ አለበት። የዲ ዓይነት ከሆነ የሶሌኖይዱ ክንድ ልክ መሆኑን እዩ። ሶሌኖይዱ ሲበራ በክንዱ ያለው ቀዳዳ ከቤቱ ቀዳዳ ጋር መግጠም አለበት፣ 4.8 ሚሊ ሜትር ዘንግ በሁለቱም ማለፍ ይኖርበታል።

የትራያምፍ ቲአርና የኦስቲን ሂሊ ባለቤቶች አንድ ነገር ይጨምሩ። የእነሱ ኤ ዓይነት ሲጠፋም ግፊት ይይዛል። ከመፍታታችሁ በፊት ሞተሩ ሳይነሳ ኦቨርድራይቩን ከ10 ጊዜ በላይ አብሩና አጥፉ። ሶሌኖይዱም ሁለት ጠመዝማዛ አለው። ለመሳብ 17 አምፔር ገደማ፣ ለመያዝ 1 ገደማ ይወስዳል። ክንዱ በትክክል ካልተስተካከለ በ17ቱ ላይ ይቀርና ይቃጠላል።

ኦቨርድራይቭ የሌለው ካላችሁ

ክፍሉን ብቻ ገዝቶ ከጀርባ መግጠም አይቻልም። የካምቢዮው ዋና ዘንግ የተለየ ስለሆነ ሙሉ ካምቢዮ ከነኦቨርድራይቩ ግዙ። ያገለገለ ስትገዙ ክዳኑን ከፍቶ ማጥለያውን ሊያሳያችሁ የማይፈቅድ ሻጭ ጋ ጊዜ አታጥፉ። ሲገጠም የፕሮፔለር ሻፍቱን ርዝመት ለኩ፣ በሽቦው መስመር ላይም ፊውዝ ጨምሩ። የፋብሪካው መስመር በብዙዎቹ ፊውዝ የለውም።

ሌላው መንገድ የፎርድ ወይም የማዝዳ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ነው። ቀላልና ዘመናዊ ነው፣ 5ኛውም ዙሩን ይቀንሳል። እኔ ግን ኦቨርድራይቩን እመርጣለሁ። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ በአንድ ጣት ይገባል፣ በ3ኛም በሚሠራባቸው ዓመታት ዳገት ላይ አንድ ተጨማሪ ማርሽ ይሰጣል። ስታስገቡም ስታወጡም ነዳጁን ትንሽ ያዙት። በ3ኛ ኦቨርድራይቭ እየበረራችሁ አታጥፉት፣ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይዞራል።

የትኛውንም ብትገጥሙ ፍጥነት መለኪያውን በስልካችሁ ጂፒኤስ አመሳክሩ። ልዩነት ካሳየ መለኪያው ለሌላ ካምቢዮ የተሠራ ሊሆን ይችላል። መለኪያ የሚጠግን ባለሙያ ገመዱ በአንድ ማይል የሚዞረውን ዙር ቆጥሮ ያስተካክልላችኋል።